የአሳየሽ ስንጥር

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ያለው ሰው አሳየሽን ቢያውቃት ኖሮ ተረቱን ለእሷ መርቆ በሰጣት ነበር። አሳየሽ ሶዶ ገበያ ቅቤ ተራ ላይ ሃያ ዓመት የተቀመጠች ነጋዴ ናት። ከገጠር የመጣ ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ፊቷ ሲቀርብ፣ የባለቅቤዋን ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርስ ከሻሿ ሥር የቀርከሃ ስንጥር ትመዛለች። ሌላው ነጋዴ ላዩን በጥፍሩ ጫር አድርጎ ያሸታል። እሷ ግን ስንጥሩን እስከ ቅቤው እምብርት ሰክታ ታወጣና ጫፉን ትቀምሳለች። ላዩ ለጋ፣ ሆዱ የተቀቀለ ድንች የሆነ ቅቤ ስንቱን ጉድ እንዳደረገ ታውቃለቻ! አንዳንዷ ባለቅቤ «እኔን ሌባ ታደርጊኛለሽ?» ብላ ትቆጣለች። አሳየሽ ሁለተኛውን ጥቅል ትወጋለች።

ሰውን እንደ ቅቤ መውጋት የጀመረችው ግን ባሏ አንጁሎ ከሞተ ወዲህ ነው፤ በዚህ ደግሞ ማንም ሊፈርድባት አይገባም። አንጁሎ አናጢ ነበር። በዘጠና ዓመተ ምሕረት ሆዱ እያበጠ፣ ዐይኑ ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ታላቅ ወንድሙ ደገፉ ራቅ ወዳለ ከተማ ወስዶ አስመረመረው። ሲመለሱ ደገፉ ጥርሱን ፈገግ አድርጎ፣ «ምንም አይደለም፤ እረፍት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የሚወደውን ይብላ» አላት። የቫይታሚን ከረጢትም አሳያት። አመነች። ለሦስት ወር ገበያዋን አላስታጎለችም። በአራተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ስትመለስ፣ ለቅሶው ገና ከመንገድ ላይ ተቀበላት።

በኋላ ሲጣራ ሐኪሙ የአንጁሎ ጉበት እንዳለቀለት ለደገፉ ነግሮት ኖሯል። ደገፉ ያውቅ ነበር፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ያውቁ ነበር፣ ጎረቤቱም ያውቅ ነበር። ያላወቁት፣ አሳየሽ እንደሰማችው፣ ሕመምተኛው ራሱና ሚስቱ ብቻ! የእኛ ሰው ክፉ ወሬን ለባለቤቱ አይናገርም፤ ሲብስበት በሽማግሌ አስከብቦ ያረዳዋል እንጂ። ደግነት ነው ይለዋል። አሳየሽ ይህን ደግነት ዐሥር ዓመት ስታላምጠው ኖረች፤ አልዋጥላት አለ። ባሏን ሳትሰናበት ቀበረችው።

እንግዲህ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ የልጇ የማክዳ አንገት ያበጠው እንዲህ ባለች እናት ቤት ነው።

ማክዳ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጸሐፊነት ትሠራለች። ቢጠና በሚባል የገጠር ከተማ ለሚያስተምረው ለቃለሕይወት ታጭታ ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል። መጀመሪያ ከግራ ጆሮዋ ዝቅ ብሎ ሽምብራ የምታክል ነገር ወጣች። በሳምንቱ ሦስት ሆኑና ባቄላ አከሉ፤ ሲነኳቸው ያማሉ። ማታ ማታ ትኩሳት ይነሣባታል፤ ጠዋት አንሶላዋ በላብ ርሶ ይገኛል። ቦዬ የሚሉት ሥራ ሥር በሚያቃጥለው ዳጣ ሲቀርብላት ድስቱን ጠርጋ የምትበላው ልጅ ሁለት ጉርሻ ወስዳ ትተዋለች። ቀሚሷ ከወገቧ ይንሸራተት ጀመር።

ጤና ጣቢያው ንፍፊት ነው ብሎ የዐሥር ቀን ኪኒን ሰጣት። ኪኒኑ አለቀ፤ እብጠቱ ግን ቁጭ ብሎ ቀረ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ጣፈጠች፣ አባቷ ከጉራጌ መጥቶ ሶዶ የከተመ ነጋዴ ነው፣ መስኮቷን ተደግፋ፣ «እትዬ አሳየሽ፣ ያ የሚሉት በሽታ እንዳይሆን አስመርምሪያት» አለቻት። በዚያ ዘመን «ያ የሚሉት» ሲባል ስሙን መጥራት አያስፈልግም ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ እጮኛሞችን የደም ምርመራ ወረቀት ሳያመጡ ስለማትቀበል ማክዳ ተመርምራ ነጻ ተብላለች። ቢሆንም አሳየሽ ዳግመኛ አስመረመረቻት። ነጻ ናት። የሳንባ ነቀርሳ ይሆናል ተብሎ አክታዋ ታየ፣ ደረቷ በራጅ ተነሣ። እሱም ንጹሕ።

በመጨረሻ ኦቶና ሆስፒታል ወጡ። ወጣቱ ሐኪም ዶክተር ሀብታሙ አንገቷን፣ ብብቷን፣ ሆዷን ዳሰሰ፤ ደሟን አስመረመረ። ነጭ የደም ሕዋሷ ከሚገባው በታች ወርዷል አለ። «ከእብጠቶቹ አንዱን አውጥተን አዲስ አበባ እንልከዋለን፤ ይህን በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚነግረን ሰው እዚህ የለንም።» አደንዝዞ አወጣው። አሳየሽ ጠርሙሱን ካላየሁ ብላ ድርቅ አለችና አሳዩዋት። ባቄላ የምታክል ሥጋ በፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፋለች። ስንጥሯን መምዘዝ ብቻ ነበር የቀራት።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ደገፉ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አዲስ አበባ ሄዶ ስለነበር ውጤቱን በፖስታ ይዞ መጣ። እሱና አሳየሽ አብረው ኦቶና ወጡ። ነርሷ ፖስታ የያዘውን ሽማግሌ አይታ «አባት ይግቡ» አለች። በሩ ተዘጋ፤ አሳየሽ አግዳሚው ወንበር ላይ ቀረች። ይህን ወንበር አታውቀው ይሆናል፤ እንዲህ የሚዘጋባትን በር ግን ታውቀዋለች። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ደገፉ ወጣ፤ ጥርሱን ፈገግ አድርጓል።

«ምንም አይደለም» አላት በወላይትኛ። «መድኃኒት አያስፈልጋትም፤ በራሱ ይጠፋል። ትረፍ፣ የምትወደውን ትብላ።»

ያው ፈገግታ፣ ያው ቃል። ለማክዳ አባት እንኳ ቫይታሚን ሰጥተውት ነበር! ሐኪሙም ቀጣዩን በሽተኛ ሊጠራ ብቅ ሲል «አይዞሽ እናቴ» ብሏት ተመለሰ። ምንም ካልሆነች አይዞሽን ምን አመጣው? ደገፉ አስጠንቶታል አለች በልቧ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሳየሽ የቤቷን ሰው ሁሉ ትወጋው ጀመር። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ዙሪያዋ ሁሉ ልጥ ሆነ። ደገፉ፣ ያ ለገና እንኳ ሥጋ ሲገዛ ሦስቴ የሚያስበው ሰውዬ፣ ቅዳሜ ዕለት ትኩስ ሥጋ ከነዳጣው ይዞ ከተፍ አለ። «ለማክዳዬ ነው።» ማክዳዬ! ከመቼ ወዲህ? እሑድ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጸልዩ መጡ፤ አንደኛው እየጸለየ አለቀሰ። ሰኞ ጣፈጠች ማርና ብርቱካን ይዛ መንገዱን ተሻገረች፤ ማክዳን እያየች ምራቋን ዋጠች። በሳምንቱ ደግሞ ቃለሕይወት ከቢጠና ጭቃውን ረግጦ መጣና እጁን እያፍተለተለ፣ «እማማ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ሠርጉ ለጥር ከሚሆን በመስከረም፣ ከጊፋታ በዓል ማግሥት ቢሆንልን» አለ።

«ምን አስቸኮለህ?»

«አይ... እንዲያው... በኋላ አስረዳዎታለሁ» አለና ጆሮው ቀላ። አሳየሽ ሌላ ማስረጃ አላሻትም። ሳትሞትበት ሊያገባት ነው የቸኮለው፤ ምስኪን ደግ ልጅ ነው፤ ግን እሱም ከውሸተኞቹ ጋር ነው።

ደገፉን ደጁ ድረስ ሄዳ ያዘችው። «ጋሼ ደገፉ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄ ደህና ከሆነች በእግዚአብሔር ስም ማልልኝ።»

ሽማግሌው ደነገጠ። «አሳየሽ፣ እኛ አማኞች እኮ አንምልም። ነገራችን አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ነው።»

«ስለ ወንድምህም አዎን አዎን ብለኸኝ ነበር።»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። አሳየሽ ስንጥሯ ድንች ነክቶ እንደወጣ ቆጠረችው።

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። ከአንጁሎ ለቅሶ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ቀረች። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጥታለች። ማክዳ ጓሮ አቦካዶው ሥር ጋቢ ለብሳ ተቀምጣለች፤ የአንገቷ ቁስል ገና በፕላስተር ተሸፍኗል። አሳየሽ ዱካዋን አጠገቧ አስጠግታ ተቀመጠች። አባቷን የነፈጉትን እውነት ልጄን አልነፍጋትም ብላ ወስናለች።

«ገበያ አልሄድሽም እንዴ?» አለች ማክዳ።

«አባትሽ ገበያ ሄጄ ነው የሞተብኝ። አንቺን ትቼ አልሄድም።» «ልጄ፣ ሁሉም ይዋሹሻል። በራሱ ይጠፋል ያሉሽ ውሸት ነው። አባትሽንም እንዲሁ ብለውት ነው። እኔ እናትሽ አልዋሽሽም። የምትይው ካለሽ፣ ሆድሽ ውስጥ ያለ ካለ፣ ሳይመሽብሽ ንገሪኝ።»

የማክዳ ፊት አመድ መሰለ። የጋቢዋን ጫፍ ጎትታ አንገቷን ሸፈነች።

«አንድ ነገር አለኝ» አለች። «እማ፣ አባዬ ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እንደሚሞት። ጋሼ ደገፉ አይደለም የደበቀሽ፤ አባዬ ራሱ ነው አትንገሯት ብሎ የለመናቸው። እኔም አውቅ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቃል አስገብቶኝ ነበር።»

አሳየሽ ዱካው ከሥሯ የሸሸ መሰላት።

«እናትሽ ካወቀች ገበያ ትቀራለች፣ ቁጭ ብላ እንደ ሬሳ ታየኛለች አለኝ። ቅዳሜ ማታ መጥተሽ የገበያውን ወሬ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ስታወሪለት ነው መታመሙን የሚረሳው። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ነበር የሚጠብቀው። ያን ቅዳሜም ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄን ይዞ፣ እናትሽ ስትመጣ ዛሬ ማን ከማን እንደተጣላ ጠይቂልኝ አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። እኔ ግን አልጠየቅኩሽም። ስትገቢ እየጮህሽ ነበር።»

ከዚያም የእጮኝነት ቀለበቷን ከጣቷ አወለቀች። ከስታለችና አላስቸገራትም። «ለቃለሕይወት ስጪልኝ። የሚሞት ሰው አያግባ።»

አሳየሽ ቀለበቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እሑድን እንዴት እንዳሳለፈችው አታውቅም። በአንጁሎ ተናደደች፤ የሞተ ሰው ላይ መናደድ ኃጢአት መሆኑን እያወቀች ተናደደች። ዐሥር ዓመት ደገፉን ረግማለች፤ ለካ የረገመችው የባሏን ቃል የጠበቀ ሰው ነው። በልጇም ተናደደች። ከሁሉም ይልቅ ግን ፈራች። የደበቋት ባሏ ስለለመናቸው ከሆነ፣ አሁን የሚደብቋት ማን ለምኖአቸው ነው? ማክዳ ስለ ራሷ ሕመም የሰማችው ነገር የለም፤ እሷ ካላወቀች ደግሞ ‹አትንገሯት› ብሎ የሚለምን ማን አለ? ይህ ጥያቄ ዓርብም ቅዳሜም አልመጣላትም ነበር።

ሰኞ ብቻዋን ኦቶና ወጣች። ደገፉን አልጠራችም። ተራዋ እስኪደርስ አራት ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። ገብታ በሩን ራሷ ዘጋችው።

«ዶክተር» አለች፤ አማርኛዋ ሲጨንቃት ወንድና ሴት አይለይም፣ «ልጄ ይሞታል፣ አይሞትም? እኔን አይተህ ንገረኝ። ሌላ ሰው አይደለሁም፤ እናቱ ነኝ።»

ዶክተር ሀብታሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «አትሞትም።»

«ታዲያ መድኃኒት የለም ለምን አላችሁ? እኛ አገር መድኃኒት የለም የሚባለው ወደ ቤት ወስዳችሁ ቅበሩ ሲባል ነው።»

ሐኪሙ ሊስቅ ቃጣውና ፊቷን አይቶ ተወው። «እናቴ፣ የሚዋሽ ሐኪም ሰውን ባዶ እጁን አይሸኝም። ብዋሽሽ ኖሮ ቀይ ሽሮፕ፣ ቢጫ ቫይታሚን አሸክሜ ነበር የምልክሽ። ባዶ እጅሽን የሸኘሁሽ እውነት ስለሆነ ነው።»

የአንጁሎ የቫይታሚን ከረጢት ፊቷ ላይ ድቅን አለ። እውነትም ባዶ እጁን አልሸኙትም ነበር።

ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የሕመሙ መጠሪያ የአንድ ጃፓናዊ ሐኪም ስም ነው አላት፤ ኪኩቺ። «ብዙ ጊዜ የሚይዘው እንደ ማክዳ ያሉ ወጣቶችን፣ ይልቁንም ሴቶችን ነው። አንገት ላይ ያብጣል፣ ያማል፤ ትኩሳት፣ ላብ፣ ክሳት ያመጣል፤ ነጭ ሕዋስን ያወርዳል። ሲያዩት ነቀርሳ ይመስላል፤ ካንሰርም ይመስላል። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ሥጋውን ቆርጬ የላክሁት ለዚህ ነው። ግን ሁለቱም አይደለም። ከምን እንደሚመጣ እስካሁን በውል የሚያውቅ የለም። ለትኩሳቱ ማስታገሻ ትወስዳለች እንጂ ራሱ በሽታው በወር፣ ቢበዛ በአራት ወር ገደማ በራሱ ይጠፋል።»

አሳየሽ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። ላዩ ለጋ ነው። ሆዱስ?

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ ሐኪሙ። «በጥቂት ሰዎች ላይ ተመልሶ ይመጣል። አልፎ አልፎም ሉፐስ የሚባል ሌላ ከባድ ሕመም በኋላ ይከተለዋል። ይመጣል አልልሽም፤ አይመጣም ብዬም አልምልልሽም። ስለዚህ በየወሩ አምጪያት፤ ከዚያ በኋላም በየጊዜው አያታለሁ።»

አሳየሽ ያመነችው እዚህ ላይ ነው። ደገፉ ያመጣላት ወሬ ሁሉ ማር ነበር። ይህኛው ክፉውንም ሳይደብቅ ነገራት። ጠረጴዛውን ይዛ አለቀሰች።

«ያን ቀን እኔን ትተህ ለሱ ለምን ነገርክ?»

«ፖስታውን ይዞ ሲገባ አባቷ መስሎኝ ነው። አንቺንም መጥራት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚያ ፈገግ አለ። «እሱማ ሦስቴ አስደገመኝ። ‹አንድ ጊዜ የወንድሜን ሚስት ዋሽቻለሁ፤ ዛሬ ስህተት ብናገር እግዚአብሔር አይምረኝም› እያለ ላቡ ጠብ ጠብ ይል ነበር።»

አሳየሽ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደችው ማለት ይቻላል። ማክዳ አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳ ዞራ ተኝታለች።

«ልጄ፣ ተነሺ! አትሞቺም። ራሴ ጠይቄ መጣሁ። አትሞቺም!»

ማክዳ ዞረች፤ ዐይኗ ደርቋል። «ይህን ደግሞ ማን አስጠናሽ?»

«ማክዳዬ...»

«ቅዳሜ እሞታለሁ አልሽኝ። ሰኞ አትሞቺም ትዪኛለሽ። የቱን ልመን? አሁን ማርና ብርቱካን ልታመጪልኝ ነው?»

ይህች ምላሽ የአሳየሽን ልብ እስከ እምብርቱ ወጋችው። ልጇ ጠርሙስ ውስጥ ካለችው ሥጋ ይልቅ በእናቷ ቃል ነው የታመመችው፤ ለዚህኛው በሽታ ደግሞ አዲስ አበባ የሚላክለት ምርመራ የለም። ስለ ኪኩቺ የሰማችውን ሁሉ፣ ክፉውንም ጨምራ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር ነገረቻት። ሉፐስ የሚባለውንም ነገረቻት። ማክዳ ሰምታ መልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። አሳየሽ አንገትሽን ላየው ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችም። ጠዋት ጠዋት ማክዳ መስኮቱ ጋ ቆማ አንገቷን በጣቷ ስትዳስስ ከጓዳ ሆና ታያት ነበር እንጂ አትቀርብም። ደገፉን ደጁ ሄዳ ጉልበቱን ይዛ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ሽማግሌው ደግሞ እሱ ይቅርታ እየጠየቀ እያለቀሰ አነሣት። ሥጋውን ያመጣው ደስ ብሎት ኖሯል። ያለቀሱት ሽማግሌም የአንጁሎን ጊዜ አስታውሰው እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ነበር። ጣፈጠችም ማርና ብርቱካን ይዛ የመጣችው «ያ የሚሉት» ብላ በመጠርጠሯ አፍራ ነው። ቃለሕይወት እንኳ የቸኮለው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ ትምህርት ተመድቦ በጥቅምት ስለሚሄድ፣ ወረቀቱ እስኪጸድቅም መናገር ስላፈረ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለአሳየሽ ሲጠራ ብዙ ጉድ ነው ያሳያት። ቀለበቱን ግን ለቃለሕይወት አልሰጠችም። ነጠላዋ ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ ትኩሳቱ ተዋት። ነሐሴ ሲያልቅ ማክዳ የቦዬውን ድስት ጠርጋ በላች። ዶክተር ሀብታሙ ደሟን አይቶ፣ «ሕዋሷ ተመልሷል» አለ፤ ይህን ጊዜ ሁለቱንም አስገብቶ ነው የነገራቸው።

ከጊፋታ በፊት ያለው ቅዳሜ የቅቤ ነጋዴ ወገቡ የሚቆረጥበት ቀን ነው። ወላይታ ሁሉ ለበዓሉ ቅቤ ይሻማል። አሳየሽ ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ፣ እግሯን እየጎተተች ገባች። ማክዳ አቦካዶው ሥር ዱካ አዘጋጅታ ትጠብቃታለች። ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላዋለች። አንገቷ ላይ ቀጭን ጠባሳ ብቻ ቀርቷል።

«ተቀመጪ እማ» አለች። ከዚያም እጇን ዘረጋች። «ቀለበቴን ስጪኝ።»

አሳየሽ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ማክዳ ቀለበቱን አጥልቃ አስተካከለችው፤ አሁን ጠበቅ ብሏል።

«አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ» አለች። «ያን ቅዳሜ ማን ከማን ነበር የተጣላው?»

አሳየሽ አልረሳችውም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገረችው ወሬ ነው። ያን ቀን ለአንጁሎ እንዴት አድርጋ እንደምታወራለት እያጠናች፣ ብቻዋን መንገዱን በሙሉ እየሳቀች ነበር የመጣችው፤ ለቅሶው እስኪሰማት ድረስ። በዚያ ሳቅ ስታፍር ኖራለች።

«አንዲት የቦዲቲ ሴት» አለች ቀስ ብላ፣ «ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተጣላች። ቅቤዋን ገዝቶ ቢቆርጠው መሃሉ ድንች። ሽማግሌው ቅቤ ተራውን በጩኸት ቀወጠው። ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ምን አለችው መሰለሽ? ‹ቅቤ ገዝተህ ድንች በነጻ ብመርቅልህ፣ ምን ያስጮህሃል?›»

ማክዳ ሳቀች። ጉሮሮዋ እስኪታይ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። አሳየሽም ሳቀች፤ እየሳቀች የአንጁሎ አልጋ ወደነበረበት መስኮት ዞር አለች።

«አባትሽ ቢሰማው ኖሮ እኮ በጣም ይስቅ ነበር» አለች፤ ከዚያም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።